ወንዴው ጀማ፣ ሴቴዋ አረርቲ

ባለፈው ጥቅምት የታጠፈ የደብተር ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። ወረቀቱ ውስጥ አበባ ነበር። አበባ ስል ለሰው የሚበረከት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከክብሪት ራስ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀላ ያለች፣ ካልተነገረው በቀር አበባ ናት ብሎ ማንም የማይጠረጥራት ነገር ናት። ሽታዋ ግን ያሳብቅባታል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው መስኮቱን አስከፈቱ። እኔ ዝም አልኩ። "የዛፍ ሽታ ነው፣ ያለውም እኔ ኪስ ውስጥ ነው" ብሎ ማስረዳት ከየት ይጀመራል?

እዚህ ላስረዳ።

እትዬ ከቤይሩት የተመለሰችው በ2001 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ሠርታ ነው የመጣችው። ሻንጣዋ ሲከፈት ለእናቴ ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ጫማ፣ ለራሷ የ21 ካራት የጆሮ ወርቅ ወጣ። ከሁሉ ሥር በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ነበር። ውስጡ ጥቁር፣ እንደ ሞተር ዘይት እየተጎተተ የሚወርድ ነገር አለ። ከጠርሙሱ ጎን ደግሞ አንድ እፍኝ የደረቀ ፍሬ። ቅርጹ የባቄላ እሸት፣ ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ ያነሰ፣ ጥንካሬው የጫማ ቆዳ፣ መልኩ የተቆላ ቡና።

ሁዳዴ ነበር። እትዬ ሰሊጥ ቆልታ ወቀጠችና ከጥቁሩ ነገር ጋር ሰሃን ላይ አዋሃደችው። በትኩስ ድፎ ዳቦ እያጠቀስን በላን። እናቴ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ቆም አለች።

"ቅቤ የለበትም አይደል?"

"የዛፍ ፍሬ ነው እማዬ።"

"የዛፍ ፍሬ እንዲህ ይጣፍጣል?" ብላ ሦስተኛ ጎረሰች።

ዲብስ ይሉታል፤ ዲብስ ኸሩብ። ኸሩብ የዛፉ ስም ነው። ፈረንጆቹ ካሮብ ይሉታል። ከቤይሩት በስተደቡብ በዚህ ዛፍ የተሰየመ አካባቢ ራሱ አለ፣ ኢቅሊም አል ኸሩብ። እትዬ ትሠራበት የነበረው ቤት አሮጊት እናት ተራራ ላይ ካለው ቤታቸው ፍሬውን ያስለቅሙና ያፈሉት ነበር። እትዬ ስለ ቤይሩት ብዙ አታወራም። ስለዚህ ዛፍ ከተጠየቀች ግን አታቆምም። ቅጠሉ ክረምት ከበጋ አይረግፍም። ጥላው ወፍራም ነው። ተራራ በወጡ ቁጥር ከሰዓት በኋላ እዚያ ሥር ትቀመጥ ነበር። ዘሩን ያመጣችው ለዲብሱ ይመስለኝ ነበር። አሁን አሁን ለጥላው ይሆን እላለሁ።

እኛ አገር የራሱ ስም የለውም። አጎቴ በኋላ "የፈረንጅ ሮቃ" አለው፤ ፍሬው ቆላ የሚበቅለውን የሮቃ ዛፍ ፍሬ ስለሚመስል። ግን ዛፉ በሌላ በር ቤታችን ገብቶ ኖሯል። የጠፋው ልጅ እሪያ ሲጠብቅ፣ እሪያዎቹ ሲበሉት አይቶ የተመኘው ነገር በአማርኛው "አሰር" ተብሏል። የግሪኩ ቃል ኬራቲያ ነው፣ ትንንሽ ቀንድ እንደ ማለት፤ የዚህ ዛፍ ፍሬ ነው። ልጁ የተመኘው ገለባ ሳይሆን ጣፋጭ ነገር ነበር ማለት ነው። ይህን ለጎረቤታችን ለመሪጌታ በኩራት ነገርኳቸው። "ቢጣፍጥለትማ ወደ አባቱ መች ይመለስ ነበር" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ያው ቃል የወርቁን ካራት ወልዷል። የኸሩብ ዘር በጥንት ዘመን የሚዛን ድንጋይ ነበር። የሮማውያን የወርቅ ሳንቲም ክብደት 24 የኸሩብ ዘር ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ንጹህ ወርቅ 24 ካራት መባሉ ከዚያ ነው። ለአልማዝ የሚሠራበት ካራት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1907 በ200 ሚሊ ግራም ተወሰነ። እንግዲህ የእትዬ ጆሮ ላይ ያለው 21 እና ፌስታሏ ውስጥ ያለው ዘር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዘሩ ሁሉ ክብደቱ እኩል ነው፣ ለዚህ ነው የተመረጠው ሲባል ሰምቼ ስለነበር አሥር ፍሬ ዘር ይዤ ደብረ ብርሃን አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሰውዬው ሳቀብኝ፣ ግን መዘነልኝ። ትንሿ 0.16 ግራም፣ ትልቋ 0.24። "እኔ በዚህ ብሠራ" አለ፣ "ስሸጥ በትንሿ፣ ስገዛ በትልቋ።" በኋላ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች መዝነው ያገኙትም ይህንኑ ነው። የኸሩብ ዘር ከሌላው ዘር የተለየ እኩልነት የለውም። ወርቅ ሠሪው ግን በአምስት ደቂቃ ጨርሶታል።

ዘሩን ዝም ብዬ አፈር ውስጥ ከተትኩ። ሃያ ፍሬ። ሁለት ወር ውሃ አጠጣሁ። አንድም አልወጣ። ቆፍሬ ሳየው እንደገባ ነው፤ የወንዝ ጠጠር በለው። አንድ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነው ያዳነኝ። "እንደ ግራር ዘር ነው እኮ፣ ልብሱን ካላሳሳህለት አይጠጣም" አለኝ። በብርጭቆ ወረቀት አንድ በአንድ ጎናቸውን ፈገፈግኩ። ከዚያ ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ስነሳ የነቁት አብጠው እጥፍ ሆነዋል፣ ያልነቁት እንዳሉ ናቸው። ያበጡትን ብቻ በጥቁር ላስቲክ ተከልኩ። በሦስት ሳምንት ዘጠኝ በቀለ። ከዘጠኙ አምስቱ ለቁም ነገር በቁ።

በ2002 ክረምት አምስቱን አከፋፈልኩ። አንዱን ደብረ ብርሃን ግቢዬ ውስጥ። ሁለቱን እነዋሪ እናቴ ማሳ ዳር። አንዱን ከእነዋሪ ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ ቆላው ላይ ለሚኖረው አጎቴ። አንዱን እትዬ ይዛው ሄደች። ያኔ አረርቲ አግብታ ነበር።

ደብረ ብርሃን ያለው ኅዳርን አልዘለቀም። ትልቅ የኸሩብ ዛፍ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ይችላል። ልጁ ግን አይችልም። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንድ ማለዳ ስወጣ ሣሩ ነጭ ብሏል። ችግኙ አረንጓዴ ነው። ደህና ነው ብዬ ገባሁ። ፀሐይ ሲነካው ቀትር ላይ የፈላ ውሃ የተደፋበት ጎመን ሆነ። ውርጭ ጠዋት አይደለም የሚገድል፣ ቀትር ላይ ነው የሚያረዳችሁ።

የእነዋሪዎቹ ሞት የእኔ ጥፋት ነው። እነዋሪ ያለችበትን የጅሩን አፈር የማያውቅ ሰው ይሠራዋል፤ እኔ ግን እዚያ ነው ያደግሁት። ጥቁር አፈር ነው። ሐምሌ ላይ ውሃ ይይዝና አይለቅም። ለዚህ ነው ገበሬው በእጁ መደብ እያበጀ፣ በመደቡ መሃል ቦይ እያወጣ የሚዘራው። ልጅ ሆነን እኛም መደብ ስንስብ ነው ክረምቱ የሚያልፈው። ያን ሁሉ እያወቅሁ ኸሩቡን ሜዳ ላይ ተከልኩት። ድርቅ የሚችል ዛፍ ሲባል ሁሉን የሚችል መስሎኝ። ነሐሴ ላይ ነቀል ሳደርገው ሥሩ ጠቁሮ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጡ እጄ ላይ ቀረ። ውሃ ማጣትን ይችላል፤ ውሃ ላይ መቆምን አይችልም።

የአጎቴ ቦታ ሌላ ነው። ከእነዋሪ ሜዳ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ገደሉ በመልክ በመልኩ ነው። ላዩ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ታች የነጣ። ያ የነጣው የኖራ ድንጋይ ነው። ለሚ ላይ የተተከለው ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ የመጣው ይህን ድንጋይ ብሎ ነው። ኸሩብም በአገሩ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ ኖራ ያለበት፣ ውሃ የማያቆም፣ ሌላ ሰብል የማይፈልገው ዳገት። አጎቴ ችግኙን የተከለው ድንጋይ ክቦ፣ ዙሪያውን የእሾህ አጥር አጥሮ ነው። ከፍየል አመለጠ። ከዝንጀሮ ማምለጡን ግን "ገና እናያለን" አለ።

አንድ ነገር ያን ጊዜ አጽናንቶኛል። ኸሩብ የሜዲትራንያን ዛፍ ነው እየተባለ ቢወራም አንድ ወንድም አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ነው እንደ ራሱ ዓይነት ተመዝግቦ ስም የወጣለት። የሚገኘው በኦማንና በሰሜን ሶማሊያ ተራሮች ላይ ነው። ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። ዘመዱ እዚያ ከኖረ የኛው ጀማ ላይ ምን ያቅተዋል አልኩ።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ስለሱ የሚወራ ነገር የለም። እትዬ ሁለት ልጅ ወለደች። እኔ ሥራ ቀየርኩ። ዛፎቹ አደጉ።

ጥቅምት 2010 አጎቴ ደወለ።

"ያ ዛፍህ አብቧል። ግን አንድ ነገር ሆኗል።"

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"መጥተህ አሽትተው።"

ወረድኩ። አበባው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አይደለም፤ እንደ ሾላ ፍሬ ከአሮጌው እንጨት ላይ በቀጥታ ነው የፈነዳው። ንብ ዛፉን ወርሮታል። ሽታውን ለመግለጽ ጨዋ ቃል አላገኘሁለትም፤ አጎቴም አላገኘም፣ ተያይተን ዝም አልን። ማጉያ መስታወት ይዤ ስለነበር አንዷን አበባ መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁ። የአበባ ቅጠል የሚባል ነገር የላትም። ከመሃሏ አምስት ቀጫጭን ክሮች እንደ ጣት ተዘርግተዋል፤ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ዱቄት አለ። ሌላዋን አየሁ። አምስት ክር። ሌላዋን። አምስት ክር። ፍሬ የምትሆነውን ትንሽ አረንጓዴ ጥፍር የሚያክል ነገር ፈለግሁ። የለም።

ወንዴ ነው።

ኮሶን የሚያውቅ ሰው ይህን አያስረዱትም። ወንዴ ኮሶ አለ፣ ሴቴ ኮሶ አለ። ፓፓያም እንደዚያው፤ ግን ወንዴ ፓፓያ በዓመቱ ራሱን ያጋልጥና ተቆርጦ ይጣላል። ይሄኛው ዘጠኝ ዓመት ደብቆኝ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ "ኸሩቡ እንዴት ነው?" ስል ኖሬ።

ለእትዬ ደወልኩ። ልታጽናናኝ ሞከረች። በሳምንቱ እሷ መልሳ ደወለች። የእሷም አብቧል። ፎቶ ላከች። ስልኩ ላይ አጉልቼ ሳየው እያንዳንዷ አበባ መሃል አንዲት ጎበጥ ያለች አረንጓዴ ነገር አለች። ሴቴ ናት። ኅዳር ላይ አበባዋ በሙሉ ረገፈ። አንድ ፍሬ እንኳ አልያዘችም። አረርቲ ባለችበት በምንጃርና ሸንኮራ ሌላ ኸሩብ መኖሩን አላውቅም፤ በጀማ ገደልም እንደዚሁ። ወንዴው ጀማ፣ ሴቴዋ አረርቲ። እትዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ስደት ላይ ያለ ትዳር ነው" አለች።

ስለ ዝርያ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝርያ ማለት ለእኔ ከመንግሥት ወይ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነበር። ስም ያለው ኸሩብ ብዙ ነው። ቆጵሮሶች ቲሊሪያ የሚሉት አላቸው። ቱኒዚያ ስፋክስ የሚባል አለ፣ ስፔን ኔግራ። ካሊፎርኒያ ላይ ሳንታ ፌ የሚባለው ወንዴና ሴቴነቱ አንድ አበባ ላይ ነው፤ ብቻውን ያፈራል። በዘር ከተተከለ ግን ስሙ አብሮ አይመጣም። የጣፋጭ ዛፍ ዘር ጣፋጭ አይሆንም፤ ገሚሱም ወንዴ ነው የሚሆነው። ዝርያ የሚቀጥለው በክተባ ነው፤ እኛ ጋ ለአቮካዶ ግራፍት የምንለው። አንድ ሰው አንድ ዛፍ ወዶ፣ ቀንበጧን ቆርጦ ሌላ ሥር ላይ ካላሳደረ ያ ጣዕም ከዛፉ ጋር ይሞታል።

ሃስ አቮካዶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዓለም ሃስ በሙሉ ከአንድ ዛፍ የወጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ፖስታ አዳይ ግቢው የተከላት ዘር ናት። ሊከትባት ሞክሮ አልያዝ አለችው፤ ሊቆርጣት ሁሉ አስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በስሙ አስመዘገባት። እናቲቱ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞተች። ልጆቿ አሁን እኛም ችግኝ ጣቢያ አሉ።

አጎቴ ደግሞ ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። ማሽላው ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ ይዞርና ራስ ራሱን ይመርጣል። ወፍ ያልደፈረውን፣ ቀድሞ የደረሰውን፣ ፍሬው የጠበቀውን። ለዘር የመረጠውን ቆጥ ላይ ሰቅሎ ጭስ ያጠግበዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ። ቢሳሳት በዓመቱ ያርመዋል። በኸሩብ ግን መርጦ ውጤቱን ለማየት ዘጠኝ ዓመት ነው። እድሜ ልኩን ቢደክም ሦስት ጊዜ፣ ቢበዛ አራት ጊዜ ይመርጣል። እነዚያ የቆጵሮስ ገበሬዎች ቲሊሪያን ሲመርጡ ከስንት ወንዴ ጋር ተፋጠው ይሆን?

ጥቅምት 2011 የጀማውን አበባ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ በደብረ ብርሃን፣ በአዲስ አበባ ዞሬ አረርቲ ገባሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ ዱቄቱን በዶሮ ላባ ሴቴዋ አበባ ላይ አራገፍኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። አንዱ "መድኃኒት ነው?" ብሎ ጠየቀ። የእትዬ ባል "አይ፣ ሽምግልና ነው" አለ።

ሰባት ፍሬ ያዘ። ሰባት! ኸሩብ ከአበባ እስከ ፍሬ አሥር አሥራ አንድ ወር ይፈልጋል። አረንጓዴ ሆኖ ወራት ተንጠለጠለ። እዚህ ላይ ነው አንድ ያላሰብኩት ነገር የገጠመኝ። በአገሩ ዝናቡ በብርዱ ወራት ነው፤ ፍሬው የሚደርሰው ሰማዩ ደረቅ በሆነበት በነሐሴና በመስከረም ነው። የኛ ነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፍሬው ሊደርስ ሲል ዶፉ ወረደበት። ሁለቱ ሻገቱ። አንዱን ትል በላው። አራቱን እትዬ አውርዳ ምጣድ አጠገብ አደረቀች።

አንዱን ሰብረን ቀመስን። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፤ የቆየ አይብ ነገር። ከዚያ ጥርስ ላይ ይከረክራል። ሲታኘክ ጣፋጭ ነው፤ ማር ያልሆነ፣ ስኳር ያልሆነ፣ ከቴምር የደረቀ ጣዕም። ከክብደቱ ግማሽ ሊጠጋ የሚችለው ስኳር ነው፣ ስለዚህ አያስገርምም። እትዬ አይኗን ጨፍና አኘከች። ብዙ ቆየች። "ከዚያኛው ይሻላል" አለች። ስለ ጣዕሙ ብቻ የምታወራ አልመሰለኝም። አልጠየቅኋትም።

በቃ፣ ወሰንን። የእሷን ዛፍ ቀንበጥ ጀማ ላይ፣ የጀማውን ቀንበጥ እሷ ዛፍ ላይ።

ግንቦት 2012 ነው፤ ኮሮና። አውቶቡሱ በግማሽ ሰው፣ ታሪፉ እጥፍ። ቀንበጡን በእርጥብ ጨርቅ፣ ጨርቁን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ማስክ አድርጌ ወረድኩ። አቮካዶ የሚከትብ አንድ ልጅ በአበል ይዤ ነበር። የአጎቴን ዛፍ ልጡን ነካ ነካ አድርጎ "ይሄ ሰውዬ ደረቅ ነው" አለ፤ ዛፉን ነው። ግን የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ልጡ ላቀቀለት። በቢላው ጫፍ የቲ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ያወጣል፣ ልጡን በአውራ ጣቱ ገለጥ ያደርጋል፣ አንዲት ዓይን ከእንጨቷ ልጦ ያስገባታል፣ በላስቲክ ግጥም አድርጎ ያስራታል። እያንዳንዷ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው። ከአሥራ ሁለት ዓይን ሰባት ያዘ። አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ ሆን ብለን ተውነው። ወንዴ እንዳለ እንዲቀር፣ ለሌሎቹ ዱቄት እንዲሰጥ። አረርቲ ደግሞ ተገላቢጦሹ፤ አንድ የወንዴ ቅርንጫፍ ሴቴዋ ላይ። "እንግዲህ ቤት ለቤት ሆኑ" አለች እትዬ።

ከዚያ በኋላ ካለው ጊዜ ሁለት ዓመት ወደ ቆላው መውረድ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ የሰሜን ሸዋ ሰው አይጠይቀኝም። አጎቴ ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውላል። ስለ ሰው ይነግረኛል፣ ስለ ከብት ይነግረኛል፣ መጨረሻ ላይ "የፈረንጁ ሮቃ ደህና ነው" ይላል። በ2016 ጥቂት ፍሬ ይዞ ዝንጀሮ ወሰደው። በ2017 አጎቴ ነሐሴን ሙሉ የልጅ ልጆቹን እያፈራረቀ አስጠበቀ። መንገድ በተከፈተ ሰሞን ወርጄ ሳይ ቆጡ ላይ ከማሽላው ዘር ጎን ፍሬው ተሰጥቷል። ሩብ ማዳበሪያ አይሞላም። ዝናብ ባቆመ ቁጥር የደረሰውን እየለቀመ፣ ጭስ ላይ እያደረቀ ነው ከሻጋታ ያዳነው። ይህን ማንም አልነገረውም።

ሦስት ኪሎ አረርቲ ወሰድኩ። እትዬ ሰባብራ ዘሩን ለየች። ፍሬውን ሌሊቱን በውሃ ዘፈዘፈች፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለለች፣ ውሃውን በብረት ድስት ጣደች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈላ። መጀመሪያ ሻይ ይመስላል። ከዚያ አረፋው ወፈረ፣ ቤቱ በሙሉ የተቃጠለ ስኳር ሸተተ፣ ልጆቹ ከጓዳ አልወጣ አሉ። መጨረሻ ላይ ማንኪያውን ስታነሳው ጠብታው ክር ሰርቶ ቀረ። ሦስት ኪሎው ግማሽ ሊትር ሆነ። የጭስ ጣዕም አለው። የቤይሩቱ የለውም ነበር። እትዬ ጉድለት ነው ትላለች፤ እኔ አልስማማም።

ጥሩ ዝርያ አገኘን ወይ? ጣዕሙ አዎ። አደራረሱ አይደለም። ለኛ የሚሆነው ኸሩብ ሰኔ ሳይገባ የሚደርስ፣ ወይ ክረምቱን በአረንጓዴነቱ አልፎ ጥቅምት ላይ የሚበስል ነው። እሱን የሚሸጥልኝ አገር የለም፤ እዚህ ተዘርቶ እዚህ ነው የሚለየው። እትዬ ከለየችው ዘር አርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌያቸዋለሁ። ሠላሳ አንዱ በቅለዋል። እኔ አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

አጎቴ ፍሬው ላይ ሌላ ዕቅድ አለው። የጅሩ ሰው አይደል፣ ሁሉን ነገር በሰንጋ ነው የሚመዝነው። ሻገት ያለውን መርጦ ጣለና ትሉ የነካካውን በድንጋይ ከትክቶ ለሚያደልበው በሬ ከፋጉሎ ጋር ሰጠው። በሬው ፋጉሎውን ትቶ ፍሬውን ለቀመ። ማግስቱን አጎቴን ተከትሎ እስከ ዛፉ ሄደ። "እሱ ካወቀው በቂ ነው" አለ አጎቴ።

መስከረም 2018 ላይ ደወለልኝ። ደስ ብሎታል።

"ዛፉን አጸዳሁልህ።"

"እንዴት አጸዱት ጋሼ?"

"ያቺ ባዶዋ ቅርንጫፍ የለችም? ሌሎቹ ሁሉ ሲያፈሩ እሷ ብቻ ቆማ ታያለች። ለእርፍ ትሆናለች ብዬ ቆረጥኳት።"

ትንሽ ጊዜ አፌ አልላቀቅ አለኝ።

"ጋሼ፣ ወንዴዋ ናት ብዬዎት አልነበር?"

"ብለኸኛል። ወንድ ከሆነማ ፍሬ የለው፣ ምን ይሠራል ብዬ ነው።"

ስለዚህ ነው ባለፈው ጥቅምት አረርቲ ሄጄ፣ ከእትዬ ዛፍ ላይ የተከተበውን የወንዴ ቅርንጫፍ አበባ ለቅሜ፣ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ፣ ሰው መስኮት እያስከፈትኩ ሁለት ቀን የተጓዝኩት። ያን ጊዜ ከጀማ ወደ አረርቲ፣ ዘንድሮ ከአረርቲ ወደ ጀማ። አጎቴ መሰላሉን ያዘልኝ። የዶሮውን ላባ እሱ ነው የሰጠኝ። ከታች ሆኖ "እዚያ ጋ ዘለልክ፣ እዚያ ጋ" እያለ ሲያዝ ቆየ። ከተቆረጠው ጉቶ ላይ ሁለት ቀይ ቀንበጥ ወጥቷል። እንዳይነካቸው አስማልኩት።

ስወርድ ቤት ገብቶ እርፉን አምጥቶ አሳየኝ። ጨብጬ አየሁት። ጠንካራ ነው፣ እጅ ላይ ይመቻል።